«አንቺ ቅደሚ»፣ «አንተ ቅደም»

አንድ እናቱን ከነፍሱ አስበልጦ የሚወድ ሰው ነበር። ስሙ ምትኩ ነው። እናቱ ወይዘሮ ዘነበወርቅ ልባቸው ደክሞ ስለነበር ሐኪሞቹ «ወደ ውጭ ወስደህ አሳክማቸው» አሉት። ምትኩም ዓይኑን ሳያሽ ያለውን ሸጦ እናቱን አውሮፕላን ላይ አሳፈራቸው።

የእነዚህን እናትና ልጅ ጠባይ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ምግብ ሲቀርብ ልጅ «እማዬ፣ አንቺ ካልቀመስሽ ሞቼ እገኛለሁ» ይላል። እናት ደግሞ «እኔ ልሙት፣ አንተ ቅደም» ይላሉ። «ኧረ በሞቴ!» «ኧረ እኔን አፈር ያድርገኝ!» ሲባባሉ ወጡ ይቀዘቅዛል። ጎረቤቶቻቸው «እነሱ ቤት ትኩስ ወጥ ተበልቶ አያውቅም» እያሉ ይስቁባቸው ነበር። ደግሞ ያምርባቸዋል እኮ! እኔም እንዲህ ያለ ቤት ስገባ ደስ ይለኛል።

አውሮፕላኑ ሊነሣ ሲል አስተናጋጇ አጠገባቸው ቆመች። «የአውሮፕላኑ አየር ከጎደለ ከላይ የኦክስጅን ጭምብል ይወርዳል። መጀመሪያ ለራስዎ ያጥልቁ፣ ከዚያ እናትዎን ይርዷቸው» አለችው።

ምትኩ ሳቀ። «ምን ነካሽ እህቴ? እናቴን ቁጭ አድርጌ እኔ ልቅደም? እንዲህ ያለ ነውር እኛ ቤት የለም!»

«ነውር አይደለም ጌታዬ። አየር ሲያጥር ሰው አይታወቀውም። ደህና ነኝ እያለ ነው ራሱን የሚስተው። አንድ ደቂቃ እንኳን ላይቆይ ይችላል።»

«እንዴት አይታወቀውም? አውሮፕላን ሲቀደድ ሰው በቀዳዳው ተስቦ ይወጣል ሲሉ አልሰማሁም እንዴ! እኔ እናቴን ጥርቅም አድርጌ እይዛታለሁ፣ አንቺ አትስጊ።»

«ቀዳዳው ጭራሽ ላይታይዎት ይችላል» ብላ ልትቀጥል ስትል ከኋላ ተጠርታ ሄደች። ወይዘሮ ዘነበወርቅ «ልጄን አታውቀው!» ብለው በኩራት ጉልበቱን መታ መታ አደረጉት።

ከደመናው በላይ ብዙ ከሄዱ በኋላ የሆነ ነገር ጓ አለ። አውሮፕላኑ ውስጥ ጭጋግ ሞላ፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ ጆሮ ተደፈነ። ጭምብሎቹ ከላይ ወርደው ተንጠለጠሉ። ምትኩ እናቱን እቅፍ አድርጎ ቀዳዳውን በዓይኑ ፈለገ። ቀዳዳ የለም። ተስቦ የወጣ ሰውም የለም። «እፎይ! እማዬ አይዞሽ፣ ምንም አልሆንንም!» አለ። ሲፈራው የኖረው ነገር ስላልመጣ አደጋው ያለፈ መሰለው።

ከዚያ አንዱን ጭምብል ስቦ ወደ እናቱ ፊት አስጠጋ። እሳቸው እጁን ገፉት።

«አንተ ቅደም ልጄ፣ እኔ ኖሬያለሁ።»

«እማዬ ስሞትልሽ አታስቸግሪኝ!»

«በሞቴ ምትኩ፣ አንተ ቅደም!»

አስተናጋጇ የራሷን ጭምብል አጥልቃ ከሩቅ «ለራስዎ! ለራስዎ!» እያለች በእጇ ታሳየዋለች። ማን ሰምቷት! በስንት ልመና እናቱ አፍ ላይ አደረገላቸው። ነገር ግን ከጭምብሉ ሥር ያለችው ከረጢት አልተነፋችም። ከረጢቷ ባትነፋም አየሩ ይመጣል፣ እሱ ግን ይህን አላወቀም። «ይሄማ ተበላሽቷል!» ብሎ ከአፋቸው ላይ ነጠቀና ሌላኛውን ሊያደርግላቸው ያዘ።

ያን ጊዜ ደስ ደስ አለው። ብርዱ ጠፋለት፣ ፍርሃቱም ጠፋ። ቤታቸው ቁጭ ብለው ምሳ የቀረበላቸው መሰለውና እየሳቀ «ቅመሺ እማዬ፣ ቅመሺ» አላቸው። ጣቶቹ ግን የጭምብሉን ማሰሪያ ማግኘት አቃታቸው። ከእጁ ወደቀ፣ እሱም እናቱ ጭን ላይ ተደፋ።

አብራሪው አውሮፕላኑን በፍጥነት ወደ ታች አወረደው። ሰው መተንፈስ ሲችል አስተናጋጇ ሮጣ መጣች። ምትኩ ጭንቅላቱ ዞሮበት ዓይኑን ገለጠ። አፉ ላይ ጭምብል አለ። ጭምብሉን የያዘው የእናቱ እጅ ነው። ያቺ የደከመች ልባቸው ግን ቆማለች። በመጨረሻ ልጃቸውን አስቀደሙ።

ለቅሶ ቤት የመጣው ሰው ሁሉ «ወይ ልጅ! ለእናቱ ሲል ራሱን የረሳ!» እያለ አደነቀው። ምትኩ ከተቀመጠበት ብድግ አለ።

«ኧረ በእግዚአብሔር ተዉኝ! ራሴን ባልረሳ ኖሮ እናቴ አትሞትም ነበር። ቀድሜ አጥልቄ ቢሆን እጄ ይታዘዘኝ ነበር። ጭምብሉ ደህና እንደነበር በኋላ ነገሩኝ፤ አፏ ላይ የነበረውን አየር በገዛ እጄ ነጠቅኳት!»

አንዲት ጎረቤት ምን ማድረግ እንዳለባት ጠፍቷት ምግብ አቀረበችለትና እንደ ወጉ «በሞቴ፣ ትንሽ ቅመስ» አለችው። «ይህን ቃል ሁለተኛ እዚህ ቤት አትበሉ» አላትና ሳይግደረደር ጎረሰ። ወጡ ትኩስ ነበር። እንባው እየወረደ በላ።

ወገኖቼ፣ ከዚህ ታሪክ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። የሚገድለን አደጋ ሁልጊዜ በወሬ እንደሰማነው እየጮኸ አይመጣም፤ አንዳንዴ ደስ እያሰኘ፣ «ደህና ነኝ» እያሰኘ ይመጣል። ደግሞም የሚወዱትን ሰው ለማዳን ቀድሞ መተንፈስ ራስ ወዳድነት አይደለም፤ ትንፋሽ ያጠረው እጅ ማንንም አያድንም። ስለ ልጆቻችሁ፣ ስለ ወላጆቻችሁ ብላችሁ ሕመማችሁን ደብቃችሁ፣ እንቅልፋችሁን አጥታችሁ፣ ለጠየቃችሁ ሁሉ «እኔ ደህና ነኝ» የምትሉ ስንቶች ናችሁ? እናንተ የወደቃችሁ ቀን የእነሱን ጭምብል ማን ያጠልቅላቸዋል?