ከግቢው ገመድ ላይ የተሰጣ ልብስ

በአንድ የጋራ መኖሪያ ግቢ ውስጥ በምላሷ የታወቀች ልብስ አጣቢ ነበረች። በማድረቂያ ማሽን መብራት እንዳይባክን ብላ የነዋሪውን ልብስ ሁሉ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ታሰጣለች። ይህ ያንገበገባቸው የግቢው ኮሚቴ ሊቀመንበር አቶ መንበሩ አንድ ቀን መቀስ ይዘው፣ ሰው አስከትለው መጡ።

«ነገ ትልልቅ እንግዶች አሉብን። በማሽን የማታደርቂ ከሆነ ገመዱን እቆርጠዋለሁ፤ አንቺም ከግቢው ትወጫለሽ» አሏት።

እንጀራዋ ነውና ልቧ ድንግጥ አለ። ምላሷ ግን አልደነገጠም።

«ፀሐይዋ በነፃ እያደረቀችልን መብራቱን ለምን እንፈጃለን፣ ጌታዬ?»

«እንግዶቹ ይሄ ሁሉ ሱሪና ቀሚስ ተንጠልጥሎ ሲያዩ ስለ እኛ ምን ይላሉ?»

«‹እነዚህስ ያጥባሉ› ይላሉ» አለች ረጋ ብላ። «ገመዱን ባዶ ያዩት ዕለት ነው ጉዳችን።»

የተከተላቸው ሰው በሳቅ ፈረሰ። ሊቀመንበሩም ሳቃቸው አመለጣቸውና ገመዱ ተረፈ።