በዝግታ መዞር ያቃተው ሞተር

አንድ ባለ ጀልባ ነበረ። የሚሠራው ጣና ላይ ነው፤ ከደሴት ወደ ከተማ፣ ከከተማ ወደ ደሴት ሰው ያመላልሳል። ይህን የምነግርህ፣ «መምህር፣ ሥራ ላይ ሳለሁ ሁሉ የሚወደኝ ሰው ነኝ፤ ቤቴ ገብቼ ከባለቤቴ ጋር ጸጥ ብዬ ስቀመጥ ግን ወዲያው እበሳጫለሁ፣ ጥዬ እወጣለሁ፤ ምን ሆኜ ነው?» ብለህ ስለ ጠየቅኸኝ ነው። ቁጭ በልና ስማ።

የሰውየው ጀልባ እዚያ ካሉት ሁሉ ፈጣን ነበረች። ባሕሩ መካከል ስትገባ ትበር ነበር። ዳር ሲቃረብና ነዳጁን ሲቀንስ ግን ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ ያስላል፣ ከዚያ ጭጭ ይላል። ገመዱን ስቦ ነዳጅ ሲሰጠው ይነሣል፤ ቀነስ ሲያደርግለት ይጠፋል። ሞተር ሳይጫን በዝግታ ሲዞር መካኒኮች «ሚኒሞ» ይሉታል። የዚህ ሰው ሞተር በሚኒሞ መቆየት አቃተው።

መላ መታ። እሳት የሚሰጠውን ካንዴላ ለወጠ፤ አልሆነም። የሚኒሞዋን ብሎን አጥብቆ ሞተሩ ሥራ ፈትቶም እንዲጮህ አደረገው፤ ጥቂት ቀን ሠራና ያው ሆነ። በመጨረሻ ጭራሽ ፍጥነት አለመቀነስን ለመደ። ወደቡ ድረስ በሙሉ ኃይል ይመጣል፣ ድንገት ሞተሩን ያጠፋል፣ ጀልባዋ በያዘችው ግፊት ተንሸራታ ድንጋዩ አጠገብ ትቆማለች። የሚያዩት ሰዎች «አቤት አነዳድ!» ይላሉ። እሱም ደስ ይለዋል።

ያልተደነቀች ሚስቱ የሻረግ ብቻ ነበረች። «ሞተሩ ታሟል፤ አንተ በሩጫ ትሸፍንለታለህ» አለችው።

«የገዛ ሞተሬን ልታስተምሪኝ ነው?» ብሎ ተቆጣ።

አንድ የገበያ ጠዋት እንደ ልማዱ እየበረረ ሲመጣ፣ አንዲት አሮጊት ከደንገል ሣር በተሠራ ታንኳ እንጨት ጭነው ከፊቱ ብቅ አሉ። ቀስ ብሎ ሊዞርላቸው ነዳጁን ቀነሰ። ሞተሩ ጠፋ። ጀልባዋ አልታዘዝ ብላ ቀጥ ብላ ሄደችና ታንኳውን መታችው። አሮጊቷ ውሃ ውስጥ ወደቁ። ሰዎች ዘለው አወጧቸው፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ክፉ አልነካቸውም። ነጠላቸውን እየጨመቁ ቀና ብለው አዩትና፣ «ልጄ፣ ቀስ ማለት አታውቅም እንዴ?» አሉት።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ሰበብ ይደረድር ነበር። ያን ቀን ግን ተሳፋሪዎቹን ወደ ሌሎች ጀልባዎች ሸኘ፣ ጀልባውን ጎትቶ የብስ ላይ አወጣ፣ ገበያተኛው ሁሉ እያየው ሞተሩን መፍታት ጀመረ። «ያ ሁሉ ጉራ እዚህ ቀረ?» ብሎ የቀለደበት ነበር። ቀና ብሎም አላየው።

የቤንዚኑን ጀሪካን ገለበጠ፤ ከሥሩ ውሃና ዝገት ወጣ። ቤንዚንና አየር የሚቀላቀሉበትን ካርቡራተር ከፈተ። ቤንዚን የሚያልፍበት ሰፊው ቀዳዳ ንጹሕ ነው፣ ያበራል። ከጎኑ ግን ከመርፌ ዓይን የቀጠነች ሌላ ቀዳዳ አለች። ወደ ፀሐይ አንሥቶ አየባት፤ ምንም አይታይም። ባደረ ቤንዚን ዝቃጭ ተደፍናለች። ያን ጊዜ ነገሩ ገባው። ሞተሩ ሲሮጥ በሰፊው ይጠጣል፤ ቀስ ሲል ሰፊው ይዘጋና ነፍሱን የሚያቆዩለት በቀጭኗ የሚያልፉት ጠብታዎች ብቻ ናቸው።

በንጹሕ ቤንዚን ዘፈዘፋት። በቀጭን የመዳብ ክር ወጋ ወጋ አደረጋት፣ በአፉ ነፋባት፣ እንደገና ዘፈዘፋት። ፀሐይ ከአናቱ አለፈች፣ ገበያተኛው መበተን ጀመረ። በኋላ በቀዳዳዋ ውስጥ የብርሃን ነጥብ ታየው። ሁሉን መልሶ ገጠመ፣ ያጠበቃትን ብሎን ወደ ቦታዋ መለሰ፣ ጀሪካኑን አጥቦ አዲስ ቤንዚን ሞላ፣ ጀልባዋን ውሃ ላይ አውርዶ ገመዱን ሳበ።

የሻረግ ከገበያ ስትመለስ ጀልባዋ ውስጥ ተቀምጦ አገኘችው። «ዛሬም ጠፋብህ?» አለችው።

«ነይ፣ እጅሽን አድርጊበት» አላት።

እጇን ሞተሩ ላይ አኖረች። ድክ፣ ድክ፣ ድክ እያለ ይዞር ነበር። ሳቀች፤ እሱም ሳቀ።

ብዙም ሳይቆይ ሁለቱ ከደሴት ሲመለሱ ነፋስ ተነሣ። ከፊታቸው ሙሽሮች የጫነች የቀዘፋ ጀልባ ነበረች፤ ማዕበሉ ገለበጣት። ሙሽራው፣ ሚዜዎቹ፣ ዘመዶቹ፣ ሙሽራዋም ከነቀሚሷ ውሃው ላይ ተበተኑ። ወንድሟ ከበሮ አቅፎ ይጮኻል። ነፋሱ ሁሉንም ወደ ቋጥኝ እየገፋቸው ነው።

ባለ ጀልባው በሙሉ ኃይል ደረሰላቸው። ከደረሰ በኋላ ግን ፍጥነት ገዳይ ነው፤ ውሃ ውስጥ የሚሽከረከረው የሞተሩ ምላጭ በሰው መካከል ቢሮጥ ይቆርጣል። ሞተሩ ከጠፋ ደግሞ ነፋሱ ጀልባዋን ሰዎቹ ላይ ይነዳታል። ነዳጁን ቀነሰ። የሞተሩ ድምፅ ወረደ፣ ወረደ፣ ዝግ አለ፤ አልጠፋም!

«እጅሽን ስጪኝ!» አለች የሻረግ፣ ሙሽራዋን ከቀሚሷ ይዛ እየጎተተች። ባሏ ጥቂት ይገፋል፣ ምላጩ እንዳይዞር ማርሹን ይፈታል፣ አንዱ ሰው ሲወጣ ወደ ሌላው ይጠጋል። የወጣው የቀረውን ይጎትታል። ከሁሉ በኋላ ወንድምየው ከነከበሮው ወጣ።

«ማን ቀረ?» ብሎ ባለ ጀልባው ጮኸ። ተያዩ፤ ተጠራሩ። ማንም አልቀረም።

ጀልባዋ እስከ አፏ ሞልታ፣ ቀስ ብላ፣ እጅግ ቀስ ብላ ወደቡ ገባች። እልልታው ባሕሩን ሞላው። ሠርጉ በእርጥብ ልብስ ተጨፈረ፤ ሙሽራው ባለ ጀልባውን ትከሻው ላይ ተሸክሞ ዞረ።

ልጄ፣ ያ ሞተር አንተ ነህ። ውጭ ስትሮጥ የምትጠጣበት ሰፊ ነው፤ ሥራው ይገፋሃል፣ ሰው ያሞግስሃል። ቤትህ ስትገባ ይህ ሁሉ ይዘጋል። የምትኖረው በቀጭኗ ነው፤ በ«እንዴት ዋልሽ»፣ በ«አጥፍቻለሁ»፣ በትንሽ ሳቅ። ያችን ቀጭን ቀዳዳ ያደረ ቂም ደፍኖብሃል። አንተም ሲጨንቅህ ተመልሰህ ወጥተህ ትሮጣለህ፤ የሚያይህም «አቤት ጉብዝና!» ይላል።

ዛሬ ግባና ተቀመጥ። እንዴት እንደ ዋለች ጠይቃት፤ ተናግራ ሳትጨርስ አትነሣ። መጀመሪያ ያንቀጠቅጥሃል፣ ውጣ ውጣ ይልሃል፤ ታገሥ። የተሰበረ ነገር የለህም። ቤትህ ውስጥ በዝግታ መቆየት የቻልህ ዕለት፣ ሰው ሲሰጥም አጠገቡ መቆም የምትችል ሰው ሆነሃል ማለት ነው። በል ሂድ፣ እየጠበቀችህ ነው።