ቦዩ የጠጣው ውሃ

አንድ ሰው ነበረ። ጥያቄሽን ሰምቻለሁ ሶስና፤ የወጣት ማኅበራችሁ ለበጎ አድራጎት ያሰባሰበውን ገንዘብ ከዘጠኝ ድርጅት ለየትኛው እንስጥ ብላችሁ ሦስት ጊዜ ተሰብስባችሁ፣ ሦስቴም ተኳርፋችሁ ተለያያችሁ። መልሱን ከሰውየው ዘንድ ታገኚዋለሽ። አረፍ በይና ስሚኝ።

ሰውየው ገበሬ ነበር። የሚኖረው በሁለት ተራራ መካከል ባለ ጠባብ ሸለቆ ውስጥ ሲሆን፣ ከላይ ከአለት ሥር አንዲት ምንጭ ትፈልቅ ነበር። በበጋ ምንጯ ትቀጥናለች፤ ድምጿ ግን አይቋረጥም። የሸለቆው ሰው ሲያርስም ይሰማታል፣ ተኝቶም ይሰማታል። ጉሙ እስከ ረፋድ ስለማይነሳ፣ ከሩቅ ለሚያያቸው ሰዎቹ ከእንቅልፋቸው ሳይነቁ ወደ ሥራ የወጡ ይመስላሉ። ሰውየውም እንደዚያው ነበር፤ በሬውን እየነዳ ያልማል፣ እያለመ ያርሳል።

ውሃው በተራ ነው። አንድ ቀን የአንድ ሰው ነው፤ ከፀሐይ መውጫ እስከ መግቢያ። ተራው ተመልሶ የሚደርሰው በአሥራ ሁለተኛው ቀን ነው። ይህን የሚያስጠብቁት የውሃ አባት የሚባሉ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። በዚያ ዓመት የሰውየው ገብስ ቀድሞ ደርሶ ጎተራ ገባና ሁለት ተራ ውሃ ተረፈው። የተረፈ ውሃ ለማን እንደሚሄድ ባለቤቱ በገዛ አፉ ይናገራል፤ ደንቡ ይኸው ነው።

ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ ከእጅ ወደ አፍ የኖረ ሰው ነው። ለሌላ የሚተርፍ ነገር ኖሮት አያውቅም። አሁን ግን አንድ ነገር፣ አንድ እንኳ፣ በእሱ ምክንያት ከመድረቅ እንዲተርፍ ተመኘ። ምኞቱ ቀኑን ሙሉ አብሮት ይውል ጀመር፤ ብቻውን ፈገግ ሲል ሚስቱ እያየች «ደግሞ ምን ጀመረው?» ትል ነበር።

ከታች ተዳፋቱ ላይ ተራ የሌላቸው ሰባት ማሳዎች ነበሩ። ዘግይተው የተመነጠሩ ስለሆነ ባለቤቶቻቸው ከሰው የተረፈ ውሃ ሲገኝ ብቻ ያጠጣሉ። የዚያ ዓመት በጋ ከፍቶ የሰባቱም አትክልት ጠውልጓል። ወሬ ደግሞ ከውሃ ይፈጥናልና ሰባቱም በአንድ ጠዋት ከሰውየው ደጅ ተገኙ። አንዱ አለቀሰ፤ እውነቱን ነው፣ አምስት ልጆች አሉት። አንዱ አንደበቱ ቅቤ ነው፤ ስለ ውሃና ስለ ነፍስ ሲናገር የሰውየው ሚስት ሳትቀር ዓይኗ እንባ አቀረረ። አንዱ የአክስቱ ልጅ ነበር፤ እሱ ዝምድናውን ብቻ አነሳ። ከሰባቱ አንዷ ሴት ነበረች። «ነጭ ሽንኩርት ነው የተከልነው። ውሃ ካገኘ ይድናል» አለችና ቁጭ አለች። ሰውየው በልቡ «ይቺስ ኩራተኛ ናት» አለ።

ለአንዱ ሰጥቶ የስድስቱን ፊት እንዴት ይየው? ይሉኝታ ያዘው። ወደ ውሃ አባት ሄዶ «ለሰባቱም እኩል ይከፈልልኝ» አለ።

«ለሰባት?» አሉት ሽማግሌው።

«ለሰባት፣ አባ። ማንም እንዳይከፋው።»

ሽማግሌው ትንሽ አዩትና «መልካም፣ ውሃው ያንተ ነው» አሉ።

በተራው ቀን ውሃው ሲለቀቅ ሰባቱ ተሰብስበው መረቁት። ዘርህ ይባረክ አሉት፣ ጎተራህ አይጉደል አሉት። እሱም ልቡ ጢም ብሎ ከዋናው ቦይ ዳር ካለች አንዲት ዋንዛ ሥር ጋደም አለ። ውሃው በአጠገቡ እያጉረመረመ ያልፋል። በዚያው እንቅልፍ ወሰደውና በሕልሙ ውሃውን ራሱን ሆነ። በሰባት ቦይ ወረደ፣ በሰባት ማሳ ተኛ፣ ቅጠሎቹ አንድ በአንድ ቀና ሲሉ ከሥራቸው ሆኖ ተሰማው። ሰው በሕልሙ እንዲህ ያለ ደስታ ካገኘ ባይነቃ ይሻለዋል። ሲነቃ ፀሐይ ዘቅዝቃ ነበር፤ ውሃው መድረሱን ማየት እንዳለበት ሳይታየው ወደ ቤቱ ሄደ።

በማግስቱ መንገድ ላይ ያገኛቸው ስድስቱ ሁሉ «ደርሶልናል፣ እግዜር ይስጥህ» አሉት። ሴትየዋን አገኛትና የእሷንም ሊሰማ ቆመ።

«አልደረሰም፣ አያ» አለችው።

«እንዴት አልደረሰም? ስድስት ሰው ደረሰ ሲል ያንቺ ብቻ ምን ሆኖ ነው?»

«እኔ የማውቀው የራሴን ነው» አለችና ማገዶዋን አስተካክላ አለፈች።

እንዴት እንደተናደደ አልነግርሽም። ሰጥቶ መሰደብ መሰለው። ሦስት ቀን እንዳኮረፈ ቆየና በአራተኛው ቀን ውሸቷን ሊያጋልጥ ወደ ተዳፋቱ ወረደ። ያለቀሰው ሰው ማሳ ቀዳሚው ነበር። ከማሳው አፍ ላይ አንድ ቁና የማታህል አፈር ረጥባ ደርቃለች፤ ከዚያ ወዲያ መሬቱ ተሰነጣጥቋል። ሁለተኛው ያው ነው። ሦስተኛው ጋ ውሃው ከማሳው ሳይገባ ከቦዩ ውስጥ ቀርቷል። ሰባተኛውም ከዚያ አልተሻለም። አንድ ቅጠል እንኳ ቀና አላለም።

ተመልሶ ያለቀሰውን ሰው «ለምን ደረሰ አልከኝ?» አለው።

«ታዲያ ምን ልበልህ? የሰጠን ሰው አልደረሰም ይባላል? ነውር አይደለም እንዴ?»

ሰውየው ወደ ውሃ አባት እየሮጠ ወጣ። «ውሃዬን ማን ጠለፈው?» አላቸው።

«ማንም አልጠለፈው» አሉት። «ቦዩ ጠጣው። የደረቀ ቦይ መጀመሪያ የሚያጠጣው ራሱን ነው፤ ከዚያ የተረፈውን ነው የሚያሳልፈው። ለሰባት ስትቆራርሰው የሚተርፍ አልነበረም።» ቀጥለውም «ሰባት ምርቃት ግን ተቀብለሃል» አሉት። ሰውየው አፈረ። የፈለገው አንድ ነገር ማዳን ነበር፤ የሆነለት መወደድ ነው።

ስምንት ቀን ቀረው። የመጨረሻው ተራው ነው፤ እሱም ከባከነ ከሰባቱ ማሳ የሚተርፍ አይኖርም። እንግዲህ ለማን? ማን የበለጠ እንደተጠማ ቢያስብ ሁሉም ተጠምተዋል። ማን የበለጠ ደግ እንደሆነ ቢያስብ እሱ ፈራጅ አይደለም። ከዚያ አንድ ጠዋት፣ ጉሙ ገና መሬቱን ሳይለቅ፣ ጫማውን አውልቆ ከታች ከማሳዎቹ ጀመረና በደረቁ ቦዮች ውስጥ ወደ ላይ መሄድ ጀመረ። ሰው ውሃውን ተከትሎ ይወርዳል እንጂ ማን ወደ ላይ ይወጣል? ያዩት ሰዎች «አበደ» አሉ። እሱ ግን በጉሙ ውስጥ ዓይኑ ስለማያይለት በእግሩ እየዳሰሰ፣ ያን ሕልሙን ወደ ኋላ እየቆጠረ፣ ቀስ ብሎ ሄደ።

እግሩ ብዙ ነገር ነገረው። ያለቀሰው ሰው ቦይ በፍልፈል ጉድጓድ ተበሳስቷል። ባለ አንደበቱ ሰው ቦይ ከላይ፣ መንገደኛ በሚያይበት በኩል፣ በድንጋይ ተደርድሮ ያምራል፤ ከጥምዝምዙ በታች ግን እሾህና ደለል ነው። የአክስቱ ልጅ ቦይ ደህና ነበር፤ ሆኖም ሦስት ቦታ በጎኑ ተሸንቁሮ ውሃው ወደ ባሕር ዛፎቹ እንዲሄድ ተደርጓል። ሰውየው እዚያ ላይ ቆሞ ብዙ አሰበ። ሥጋ ዘመድ ነው፤ ልቡ አዘነ።

ከአንዱ ቦይ ሲገባ ግን እግሩ ልስልስ ያለ ነገር አገኘ። ጭቃና ጭድ ተቦክቶ ተለስኗል፤ የጉድጓዶቹ አፍ በጠጠር ተደፍኗል፤ የሰው ጣት ያረፈበት ምልክት ገና አልጠፋም። ቀና ቢል ሴትየዋ ቅርጫት ይዛ ቆማ ታየዋለች።

«ባለፈው ውሃ እስከ የት ደረሰ?» አላት። በዚህ ጊዜ አልተቆጣም።

«ይምጡ ላሳይዎ» አለችው። ውሃው በቆመበት ቦታ እንጨት ተክላ ነበር። «እዚህ ቆመ። ያለፈው ዓመት ደግሞ እዚያ ድረስ ሄዶ ነበር። ይቺ ጋ የተሳሳትን እኛ ነን፤ መሬቱ ሽቅብ መሆኑን ሳናይ ቆፈርን። አሁን ዝቅ አድርገነዋል፤ ይያዝ አይያዝ ግን ውሃ ሳያልፍበት አላውቅም።»

ሰውየው የሰማውን ለራሱ ደጋገመው። ሰባቱ በመጡ ቀን ያንን ሁሉ ንግግር ሲሰማ ማንም ይህን አልነገረውም፤ እሱም አልጠየቀም።

ተራው ደረሰ። የውሃ አባት «ለማን?» አሉት። ስድስቱ ቆመው ይሰማሉ። የአክስቱ ልጅ ዓይን ዓይኑን ያየዋል። ሰውየውም «ለነጭ ሽንኩርቷ ሴት። ሙሉውን» አለ። የመረቀው የለም። አንዱ ወደ ጎን ተፋ።

በዚያ ቀን ዋንዛዋ ሥር አልተኛም። ውሃውን ተከትሎ ጎን ለጎን ወረደ፤ ውሃው ሲዘገይ ይዘገያል፣ ሲፈጥን ይፈጥናል። ያቺ ዝቅ የተደረገች ቦታ ጋ ሲደርሱ ውሃው ተጠራቅሞ ቆመ። ሴትየዋም ቆመች፣ እሱም ቆመ። ከዚያ ውሃው ቀስ ብሎ፣ የሚያመነታ እየመሰለ፣ አለፈ። ቀትር ላይ ማሳው ገባ። ፀሐይ ስትጠልቅ የመጨረሻው ተርታ ውሃ ጠጥቶ ነበር። ሴትየዋ ከቦዩ ጭቃ አፈሰችና ውሃ የምታፈስ አንዲት ቀዳዳ ደፈነች። ነጭ ሽንኩርቱ ዳነ።

ሰውየው ወደ ቤቱ ሲመለስ ስድስት ደጅ አለፈ፣ ከስድስቱም ሰላም ያለው አልነበረም። ከፍቶታል፤ አልደብቅሽም። ሆኖም በሚቀጥለው በጋ ምንጯ ሳትቀጥን ከተዳፋቱ የዶማ ድምፅ ተሰማ፤ ካኮረፉት አራቱ ቦያቸውን እየጠረጉ ነበር። ሁለቱ እስኪሞት ድረስ አላነጋገሩትም።

እንግዲህ ልጄ፣ ሰውየው እናንተ ናችሁ፤ ዘጠኙ ድርጅት ዘጠኝ ቦይ ነው። በስብሰባችሁ የምትጣሉት ማን የበለጠ ያስለቅሳል በሚለው ነው፤ የሕፃናቱ ፎቶ ወይስ የአረጋውያኑ። የተጠማስ ሁሉም ነው። ተነሱና ከታች ጀምሩ። ረድተናቸዋል የሚሏቸውን ሰዎች ሂዳችሁ ጠይቁ፤ ባለፈው የተሰጠው እስከ የት ደረሰ በሉ። «ሁሉም ተሳክቷል» የሚላችሁን አመስግናችሁ እለፉ። «እዚህ ቆመ፣ እዚህ ጋ ተሳሳትን» የሚላችሁ ሲገኝ ቁጭ ብላችሁ ስሙት። ከዚያ ሙሉውን ስጡት። ለዘጠኝ ቆራርሳችሁ አባላቱን ሁሉ ለማስደሰት አትሞክሩ፤ የሚያኮርፍ ያኩርፍ።

አንድ ነገር ደግሞ አትርሺ። ገንዘቡ የእናንተ አይደለም፤ ሰው አምኖ በእናንተ በኩል የላከው ነው። እናንተም ቦይ ናችሁ።

ምን አልሽ? ጮክ በይ እንጂ፣ ጆሮዬ እንደ ድሮው አይደለም። ለርክክቡ ቀን ቲሸርትና ባነር? ከዚያው ገንዘብ? ለሁሉም አባል?

አይዞሽ፣ አታልቅሽ። ለእኔ መንገር ቀላል ነው፤ ዛሬ በስብሰባው ላይ ተነሥተሽ ቦዩ ውሃውን ሊጠጣው ነው ብለሽ ለእነሱ ንገሪያቸው።