የጋሽ ዘገየ ቢልቦርድ

በእኛ ከተማ በሾላ ጫፍ፣ አንድ ሰው ተጣድፎ የጀመረውን ነገር መልሶ ለማፍረስ ሲገደድ የምትባል አንዲት አባባል አለች። ስድብም አይደለች፣ ምስጋናም አይደለች፤ ሰውየው በራሱ ላይ መሳቅ ይችል እንደሆነ ለማየት ጣል የምትደረግ ናት። ልጆች ሳይቀሩ ይሏታል። ከየት እንደ መጣች ሲጠየቁ ግን "የድሮ ሰው ያለው ነው" ብለው ያልፋሉ። የምን የድሮ ሰው! እኔ ራሴ ቆሜ አይቻለሁ፤ ገመድም ጎትቻለሁ።

ነገሩ የጋሽ ዘገየ ነው። ጋሽ ዘገየ ከባለቤቱ ከእትዬ አስካለ ጋር ጥብስ ቤት አለው። ወላጆቹ ምን አይተው ዘገየ እንዳሉት አላውቅም እንጂ፣ እንደ እሱ ያለ ችኩል በአገሩ የለም። ሥጋው ከእሳት ሳይወርድ "ብሉ እንጂ፣ ምን ትጠብቃላችሁ?" የሚል ሰው ነው። ቤቱ ግን የተወደደ ነበር። አውቶቡሶች በደጁ ያልፉ ስለነበር፣ ሾፌር ሲቆም ተሳፋሪው ተግተልትሎ ይገባለታል።

በኋላ አዲሱ አስፋልት በከተማው ጀርባ ወጣ። አውቶቡሶቹም እሱን ይዘው ላጥ ማለት ጀመሩ። የጥብስ ቤቱ ምድጃ ሳይነድ የሚውልበት ቀን በዛ። እትዬ አስካለ ባዶዎቹን ወንበሮች ስታይ ሆዷ ይባባል፤ ልጆቿን ያሳደገችው በዚያ ቤት ነው፣ ሌላ መተዳደሪያም የላቸውም። መላውን ያመጣችውም እሷ ናት።

"መንገዱ ጥሎን ከሄደ እኛ ወደ መንገዱ እንውጣ። ወደ ከተማችን በሚታጠፈው መገንጠያ ላይ ቢልቦርድ ይቁምልን" አለች።

ጋሽ ዘገየ በነጋታው ማዘጋጃ ቤት ገብቶ አመለከተ። ወይዘሪት ፍሬሕይወት የምትባል ባለሙያ ረጋ ብላ አስረዳችው።

"ሐሙስ መጥቼ ቦታውን አያለሁ፣ ከአስፋልቱ ያለውን ርቀት እለካለሁ። ከዚያ ፈቃዱ ይሰጥዎታል። ከዚያ ነው የሚተክሉት።"

እሱ ከዚህ ሁሉ የያዘው "መጥቼ አያለሁ" ያለችውን ብቻ ነው።

"አስካለ፣ ሐሙስ እንግዳ አለብን!" እያለ ገባ።

"የምን እንግዳ? ቦታ ልታይ አይደል እንዴ የምትመጣው?"

"ታዲያ ባዶ ሜዳ እናሳያት? ሰው ይሄን ያህል መንገድ መጥቶ አፈር አይቶ ይመለስ? ነውር አይደለም?"

"አንተ ሰውዬ፣ ፈቃድ በሌለበት…"

"ቆሞ ስታየውማ እንዴት ብላ እምቢ ትላለች!"

ያለ የሌለ ጥሪታቸውን አፍስሰው ብረቱን አስበየዱት። በሸራው ላይ ጭሱ የሚትጎለጎል ጥብስ ተሣለ፤ ከጥብሱ አጠገብ ደግሞ ጋሽ ዘገየ ራሱ ቢላዋ ይዞ ጥርሱ እስኪታይ ይስቃል። ረቡዕ ማታ ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ ቋሚዎቹ ቆመው፣ አርማታው ተሞላ። ሐሙስ ጠዋት የዕድሩ ድንኳን ተተከለ፣ በግ ታረደ፣ እኛም ለምረቃ ተጠራን። ቋሚዎቹ ላይ ቀይ ሪባን ታስሮ ነበር።

ወይዘሪት ፍሬሕይወት ሜትሯን ይዛ ብቅ ስትል ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። እሷ ማን ሊመጣ እንደሆነ ለማየት ወደ ኋላዋ ዞረች። ማንም የለም። ጋሽ ዘገየ መቀስ በትሪ ይዞ ከፊቷ ቆመ።

"ይቁረጡልን! የክብር እንግዳችን እርስዎ ነዎት!"

ቀና ብላ አየች። ላይ የተሣለው ዘገየ ይስቅባታል፣ ታች የቆመውም ይስቅላታል።

"አባቴ፣ ይሄ እኮ ገና የምንፈቅደው ነው" አለች።

"ይፍቀዱልና! ይኸው ቆሟል፣ ምን ቀረው?"

"የቀረውማ እኔ ነኝ። ሳይፈቀድ ቆሞ ለክቼ ከመዘገብኩት ብረቱ ይወረሳል፣ ማመልከቻዎም ይዘጋል። ከመመዝገቤ በፊት ባለቤቱ በገዛ እጁ ካነሣው ግን ማመልከቻው ይቀጥላል። ደንቡ ይሄ ነው፤ ያወጣሁት እኔ አይደለሁም።"

የጋሽ ዘገየ ሳቅ ከፊቱ ላይ ደረቀ። እትዬ አስካለ "እህቴ፣ የቀረን እኮ ይሄ ብረት ብቻ ነው" አለች። በደስታ የተጠራ ሰው ሁሉ ለቅሶ የመጣ ይመስል አንገቱን ደፋ።

የዕድራችን ዳኛ አባባ ውብነህ ዱላቸውን ተመርኩዘው ተነሡ።

"ልጄ፣ ከመለካትሽ በፊት እህል ትቀምሻለሽ?"

"አባባ፣ የምለካበትን ሰው ምግብ አልበላም።"

"ውሃስ?"

ወይዘሪት ፍሬሕይወት ቢልቦርዱን አየች፤ እትዬ አስካለንም አየች። ከዚያ ሜትሯን ጠቅልላ ድንኳኑ ጥላ ሥር ተቀመጠች።

"ውሃ እጠጣለሁ" አለች። "ውሃ ስጠጣ ግን ቀስ ብዬ ነው።"

አባባ ውብነህ ወደ እኛ ዞሩ። "ምን ትገተራላችሁ? ገመድ አምጡ!"

አርማታው ገና ስላልጠነከረ እግዜር ረዳን። ግማሾቻችን በዶማ ሥሩን ስንፈነቅል፣ ግማሾቻችን በገመድ ሳብነው። አየነው የሚባለው የሰርግ ዘፋኛችንም ዝም ብሎ መጎተት አልሆነለትም፤ ግጥሙን እዚያው ፈጠረው።

"ተነሣ ዘገየ፣ ተነሣ ጎበዝ፣
ቤት ግባ ይሻላል ፀሐይ ላይ ከመፍዘዝ!"

እኛ ስንቀበለው ቢልቦርዱ ሲጢጥ ብሎ አዘነበለ። ሴቶቹ ሸራው እንዳይቀደድ በእጃቸው ተቀበሉት። ሥዕሉን በጀርባው አስተኝተን፣ እንደ ሙሽራ በትከሻችን ተሸክመን ወደ ጥብስ ቤቱ ግቢ ጉዞ ጀመርን። ጋሽ ዘገየ መጀመሪያ አመድ መስሎ ይከተለን ነበር። ትንሽ እንደሄድን ግን ሰማዩን እያየ የሚስቀውን የራሱን ፊት አይቶ ሳቁ አመለጠው።

"ሰርጌ ዕለት እንኳ እንዲህ ያለ አጀብ አላየሁም!" ብሎ ከፊታችን ገብቶ ይጨፍር ጀመር። እትዬ አስካለም እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ እልል አለች።

አንድ አውቶቡስ ከአስፋልቱ ላይ ጭፈራውን አይቶ ክላክሱን እያንባረቀ ቆመ።

"የማን ሰርግ ነው?" አለ ሾፌሩ በመስኮት።

"የዘገየ!" አልነው።

ተሳፋሪው ወርዶ ከኋላችን ተከተለ። ሰርግ አለመሆኑን ሲያውቁ ጥብስ መኖሩንም አወቁ፤ ቤቱ ከስንት ጊዜ በኋላ ጢም አለ። ያ ሾፌር ከዚያ ወዲህ መገንጠያውን ስቶት አያውቅም፤ ለጓደኞቹም ነግሯል።

ወይዘሪት ፍሬሕይወት የመጨረሻዋን ጉንጭ ውሃ ጠጥታ ተነሣች። ባዶውን ቦታ ለካችና ራሷን ነቀነቀች። ጉድጓዱ ለአስፋልቱ እጅግ ቀርቦ ነበር፤ እንደ ቆመ ቢቆይ መነሣቱ አይቀርም ነበር። ወደ ኋላ፣ ወደ ግራሩ ጠጋ ብሎ እንዲሆን ምልክት አደረገችላቸው። በሳምንቱ ፈቃዱ ወጣ፣ ቢልቦርዱም እዚያው ግራሩ ጋ በሰላም ቆመ።

ያን ዕለት ግን፣ ሁላችን አቧራ ለብሰን፣ ላባችንን እየጠረግን ጥብስ ቤቱ በር ላይ ስንሳሳቅ፣ ጋሽ ዘገየ አባባ ውብነህን "አባባ፣ እንግዲህ ምረቁን" አላቸው። አባባ ውብነህ ግድግዳ ተደግፎ የሚስቀውን ሥዕል፣ ከዚያም አጠገቡ የሚስቀውን ሰውዬ አዩና፣ ለመመረቅ የዘረጉትን እጅ ሳያጥፉ በሳቅ እየተንፈቀፈቁ "ምን ብዬ ልመርቃችሁ ልጆቼ፣ ሳያስፈቅዱ ተከሉት፣ እየዘፈኑ ነቀሉት!" አሉ።