አፈሬን መልሺልኝ

አንድ ጊዜ፣ ዳገቱ ገና አፈር ለብሶ በነበረበት ዘመን፣ አህያና ቀበሮ የማሳ ጎረቤታሞች ነበሩ። ቀበሮ ከላይ፣ አህያ ከታች። ከሁለቱም በታች ገደል አለ፤ ገደሉ ውስጥ ጅብ ይኖራል።

አንበሳ አንድ ሕግ አውጥቶ ነበር፤ በገዛ ማሳው ላይ ያለን ማንም እንዳይነካው። ገደሉ ግን የጅብ ነው። አህያ ይህን ታውቃለች። ማሳዋ ገብስ እስከሰጣት ድረስ ገደል የሚያወርዳት ነገር የለም። ገብሱ የጠፋ ዕለት ግን ሣር ያለው እዚያ ብቻ ነው።

ስለዚህ ዝናብ አፈሩን እንዳይወስድባት በየበጋው ድንጋይ እየተሸከመች ካብ ትክባለች። በዓመት አንድ እርከን። እንዲህ ሰባት ዓመት። ጀርባዋ ተላልጦ አለቀ።

ቀበሮ ጥላ ሥር ተጋድሞ ያያታል።

«እመት አህያ፣ ዛሬም ድንጋይ?»

«ዛሬም።»

«ምን ሊያደርግልሽ?»

«አፈሩ እንዳይሄድብኝ ነው።»

«ወዴት ይሄዳል? እግር አለው?»

«ክረምት ሲመጣ ያወጣል።»

«ውይ፣ ክረምትማ ገና ነው!» አለና ወደ ሌላው ጎኑ ተገላበጠ።

ስቆባት ቢተው ባልከፋ። ውኃ ልትጠጣ ምንጭ ደርሳ እስክትመለስ ከካቧ ድንጋይ እየነቀለ ደጃፉ ላይ መቀመጫ ያደርገዋል።

«ቀበሮ! ድንጋዬስ?»

«የቱ? ይህ ሁሉ ድንጋይ ባለበት አገር ያንቺው ምልክት አለው እንዴ?»

አህያ በረጅሙ ተነፈሰች። የድንበሩ ድንጋይ አጠገቧ ነበር፤ ሰፊ፣ ጠፍጣፋ፣ የተነቀለውን ቦታ ልክክ አድርጎ የሚሞላ። አየችው። አለፈችው። ከወዲያኛው ሸንተረር ሌላ ተሸክማ መጣች።

በስምንተኛው ዓመት ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሦስት ቀን ሳያባራ ጣለ። የቀበሮ ማሳ ተጠራርጎ ወረደ። ወርዶ ወርዶ አህያ ካብ ላይ ሲደርስ ቆመ። ሲያባራ፣ የላይኛው ማሳ የተላጨ ራስ መስሏል፤ በታችኛው ላይ ጥቁር አፈር ጉልበት ድረስ ተኝቷል።

አህያ አየችና «አሁን ደግሞ ይኼንን ሰበብ ሊያመጣብኝ ነው» አለች።

ቀበሮም አልዘገየም።

«በሕግ አምላክ! አፈሬን መልሺልኝ!»

«ያውልህ፣ ውሰድ።»

«የወሰድሽው አንቺ፣ የምትመልሺው አንቺ! በጀርባሽ!»

«እኔ ና አልኩት?»

«የያዘው ካቡ ነው። ካቡን የሠራ ማነው? አንበሳ ዘንድ እንሄዳለን፣ ካቡም ይፈርሳል!»

እዚህ ላይ አህያ ደነገጠች። የሰባት ዓመት ልፋቷ ነው።

ቀበሮ ምስክር ፍለጋ ገደል ወረደ። የሱ ንግግር አልተሰማም። ጅብ ግን ማንሾካሾክ የሚባል ነገር አያውቅምና ድምፁ አህያ ማሳ ድረስ ወጣ።

«ካቧ ይፈርሳል? እሺ። ገብስ ታጣለች? እሺ። ከዚያ እኔ ዘንድ ትወርዳለች! መቼ? በጋ? ኧረ በጋ ሩቅ ነው፣ ዛሬ አይሆንም?»

በማግሥቱ አንበሳ ዋርካው ሥር ተቀምጦ ሰማቸው። ቀበሮ ረጅም ነገር ተናገረ። ቀጥሎ ጅብ ተጠራ።

«አያ ጅቦ፣ ምን አየህ?»

«አፈሩን ስትሰርቅ አየኋት።»

«በምን ተሸክማ?»

ጅብ ቀበሮን አየው። ቀበሮ ሰማይ ሰማይ ያያል።

«በ. . . በአፏ።»

«መቼ?»

«ዝናቡ ሲጥል።»

«አንተ የት ነበርክ?»

«ዋሻዬ ውስጥ። ተኝቼ።»

አንበሳ ዓይኑን ጨፈነ፤ ገለጠ። «አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«ጌታዬ፣ አፈሩ የሱ ነው። መቼ ካድኩ? ይውሰደው። ካቤን ብቻ እንዳይነኩብኝ።»

«የሱን አለመንካትሽን በምን ልወቅ?»

«የድንበሩን ድንጋይ ይዩልኝ። ለካቤ እየፈለግሁት ሰባት ዓመት በአጠገቡ ተመላልሻለሁ።»

አንበሳ ሄዶ አየ። ድንጋዩ ሣር በቅሎበት፣ ከነበረበት ንቅንቅ ሳይል ተቀምጧል። የቀበሮንም ደጃፍ አየ። ከካቡ የተነቀለው ድንጋይ መቀመጫ ሆኖ ተደርድሯል። ከዚያ ፈረደ።

«አፈሩ የቀበሮ ነው፤ ራሱ ተሸክሞ ይመልስ። ካቡን የነካ ግን ጠቡ ከኔ ጋር ነው።»

ቀበሮ ራሱ ሊሸከም? ጅብን ጠራው። «አፈሩ ተመልሶ ሲያልቅ ማሳዋ ይሳሳል፤ ያኔ ትወርዳለች» አለው። ጅብም ቅርጫት አንስቶ ዳገት ይወጣ ጀመር። ቀበሮ የድንበሩ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ «ፈጠን በል እንጂ!» ይላል።

አህያ ሦስት ቀን አፈሩ ሲመለስ አየች። በአራተኛው አልቻለችም።

«ቀበሮ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ለማሳህ ካብ ካብ። እኔም ድንጋይ እሸከምልሃለሁ። አለዚያ ተመልሶ ይመጣል።»

«አንቺ ደግሞ ድንጋይ፣ ድንጋይ! ሌላ ወሬ የለሽም?»

«የለኝም» አለችና ሄደች።

በአሥራ ስድስተኛው ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ የመጨረሻው ቅርጫት ተገለበጠ። ከሰዓት በኋላ ደመናው ጠቆረ። ጣለ። አፈሩ የለመደውን መንገድ ይዞ ወረደና አህያ ካብ ላይ ተኛ።

ቀበሮ አፉን ከፍቶ ቀረ። ጅብ ባዶ ቅርጫቱን እንደያዘ መጣ።

«መቼ ነው የምትወርደው?»

«አሁንማ እንደገና መሸከም ነው፣ አያ ጅቦ።»

ጅብ አሰበ። ማሰብ ስላልለመደ ጊዜ ወሰደበት።

«በገዛ ማሳው ላይ ያለ አይነካም፣ አይደል?»

«አዎ፣ ሕግ ነው።»

«ማሳህ የታለ?»

ቀበሮ ወደ እግሩ አየ። የቆመው አለት ላይ ነው። ከዚያ በኋላ አህያ ያየችው ሸንተረሩን ሲሻገር ጭራውን ብቻ ነው፤ ጅብም ከኋላው።

ኅዳር ላይ ገብሱ ደረሰ። አህያ አጨደች፣ ወቃች። በቀበሮ አፈር ላይ ከበቀለው እኩሌታውን ለይታ፣ ይጋደምበት በነበረው ጥላ ሥር አስቀመጠች። ለቁራም መልእክት ሰጠችው፤ «ድርሻህ ተቀምጦልሃል፣ ና ውሰድ በለው። ሲመጣ አንድ ድንጋይ ይዞ ይምጣ፤ የማሳውን ካብ በዚያ እንጀምርለታለን።»

ቁራ ደርሶ ተመለሰ።

«ምን አለ?»

«ድርሻዬን ላኪልኝ ብሏል።»

«ድንጋዩስ?»

«እሱን አንቺ ብትይዥልኝ ብሏል።»

አህያ በረጅሙ ተነፈሰች። ከዚያ ጎንበስ ብላ የዚያን ዓመት የመጀመሪያ ድንጋይ አነሳች። ለራሷ ካብ።

ከዚህ የምንማረው፣ ሀብት ማለት ዘንድሮ አፍሰው የበሉት ሳይሆን፣ የሌላውን ድንበር ሳይነኩ ዓመት ከዓመት ለፍተው ለነገ ያቆዩት መሆኑን ነው።