የጓሳ በር ቅሬ ዘንግ

በአንድ ወቅት ጓሳ በር በምትባል የገበያ ከተማ ሦስት መቶ አሥራ ሦስት ቤቶች ነበሩ። «ሦስት መቶ ገደማ» ማለት ይቻል ነበር፤ ነገር ግን አያ ይማም ባሉበት «ገደማ» የሚል ሰው አይደመጥም። አያ ይማም በአንዲት አህያ ጨው መነገድ ጀምረው በገዛ ጉልበታቸው ባለሱቅ የሆኑ የሰባ ዘጠኝ ዓመት ሽማግሌ ናቸው። ያልቆጠሩት ነገር የለም። ከቤታቸው እስከ ገበያው ስምንት መቶ ስልሳ እርምጃ ነው። የመስጊዱ ደረጃ ሰባት ነው። የቤተ ክርስቲያኑ አሥራ አንድ ነው፤ ይህንን የቆጠሩት ጎረቤት ሊቀብሩ ሲሄዱ ነው።

ከሦስት መቶ አሥራ ሦስቱ ቤቶች ሁለት መቶ ሰባ ሁለቱ የክርስቲያን፣ አርባ አንዱ የሙስሊም ነበሩ። ቅሬያቸው ግን አንድ ነበር። ቅሬ ማለት ሙት የሚቀብሩበት፣ ሐዘንተኛ የሚያጽናኑበት ማኅበር ነው። በጓሳ በር ደንብ ክርስቲያን ሲሞት መቃብሩን ሙስሊሞቹ ይቆፍራሉ፤ ሙስሊም ሲሞት ክርስቲያኖቹ ይቆፍራሉ። የሞተበት ያለቅሳል፣ ያልሞተበት ይቆፍራል። አያ ይማም ከአርባ አንዱ አንዱ ናቸው፤ የቅሬውን ዘንግ ይዘው ሠላሳ ዓመት ዳኝተዋል። የራሳቸውን ቆፋሪዎችም ቀደም ብለው መርጠዋል። አራት ጎረምሶች ነበሩ፤ አንደኛው ሰነፍ መሆኑን ሲያዩ አምስተኛ ጨመሩ።

እንዲህ ባለው ዘመን የአውራጃው ገዥ አንድ ትእዛዝ አወጣ። በየከተማው ያሉ የጥቂቶቹ ሃይማኖት ተከታዮች በልዩ መዝገብ ይጻፉ፤ ጥጉ ላይ ቀይ መስመር ያለበት መታወቂያ ይያዙ፤ ቅሬያቸውም ለብቻ ይሁን ይላል። «የሰው ቃል አይበቃም፤ ማስረጃ ይቅረብ» የሚል ቃልም አለበት።

ትእዛዙ የተነበበ ዕለት የቅሬው ድንኳን በጫጫታ ተሞላ።

«ወረቀት ነው እኮ! ወረቀት ይነክሳል?» አለ አንዱ።

«ካልነከሰ ለምን ላንተ አልሰጡህም?» አለ ሌላው።

«ገዥው ለጥበቃቸው ነው ብሏል።»

«ከማን ነው የሚጠብቃቸው? ከኔ? እኔ የአያ ይማምን በር በቀን ሦስት ጊዜ የማንኳኳው ጨው ልበደር እንጂ ልወጋቸው ነው?»

«አራት ጊዜ» አሉ አያ ይማም።

ሳቁ። እሳቸው ግን በሆዳቸው ሌላ ነገር ያሰሉ ነበር። ቅሬው ከተለየ አምስቱ ጎረምሶች ጉድጓዳቸውን መቆፈር አይችሉም። የሚቆፍሩላቸው የገዛ ልጆቻቸው ይሆናሉ፤ እያለቀሱ።

በሳምንቱ መዝጋቢው መጣ፤ አቶ ልሳነወርቅ ይባላል፤ መነጽሩን በየደቂቃው የሚወለውል ትሑት ሰው ነው። በመጀመሪያ በስም ሊለያቸው ሞከረ። ተክሌ ሁሴን የሚባለውን ጠራና ክርስቲያን ሆኖ አገኘው። ከጎኑ የሚኖረው ሁሴን ተክሌ ሙስሊም ነው። ብዕሩን አስቀመጠ። በአለባበስ እንዳይለይ ሁሉም ያንኑ ጋቢ ለብሷል።

ማታ ከአያ ይማም ጋር ሲጨዋወት እንደ ዋዛ ጠየቃቸው፤ «ለመሆኑ ለድግስ ስንት በሬ ታርዳላችሁ?»

አያ ይማም ቁጥር ተጠይቀው ዝም ማለት አይሆንላቸውም። «ሁለት» አሉ ወዲያው። «አንዱን ሙስሊም ይባርከዋል፣ ለአርባ አንድ ቤት። ሌላውን ክርስቲያን ይባርከዋል፣ ለሁለት መቶ ሰባ ሁለት ቤት። ሰው የሌላውን ሥጋ አይነካም።»

አቶ ልሳነወርቅ መነጽሩን ወለወለ። «እንግዲያው ለመንግሥት እንግዳ እሑድ ድግስ ይደገስ» አለ። «በየማዕዱ የሚቀመጠውን እጽፋለሁ። ይኸው ማስረጃ!»

አያ ይማም ምላሳቸውን ነከሱ። በሕይወታቸው የተጸጸቱበት ቁጥር ያ ብቻ ነው። በማግሥቱ ሐሙስ ቅሬውን ሰብስበው ጥፋታቸውን ተናገሩና ዘንጉን ከፍ አደረጉ። «እኔ አርጅቻለሁ፤ በዚህ ላይ አፌ ከዳኝ። ይህን መዝገብ ከአንገታችን ላይ ላነሳ ሰው ዘንጉን አስረክባለሁ። ወንድ ይሁን ሴት፣ የየትኛው ማዕድ ሰው ይሁን፣ አልመርጥም።»

በሞቅታ ተስማሙ።

ወይዘሮ ያንጥፉ የቅሬው ወጥ ቤት አዛዥ ናት፤ ክርስቲያን ናት፤ በከተማዋ የሚፈሩት እሷን ብቻ ነው። እሑድ ጧት ሁለቱን በሬዎች አስፈታችና ወደ ግጦሽ ነዳቻቸው። ከዚያ በሃያ ሁለት ድስት ሽሮ፣ ምስርና ጎመን አስወጠወጠች። ጾም አልነበረም። እንግዳው በክብር ተቀምጦ ብዕሩን ከፈተ። አንድ ረጅም ማዕድ ተዘርግቷል፤ ሦስት መቶ አሥራ ሦስቱም ቤት ተደባልቆ ከአንድ ትሪ ይበላል።

«ሥጋው የታለ?» አለ አቶ ልሳነወርቅ።

«በሬዎቹ አልታያቸውም» አለች ያንጥፉ።

«ምኑ?»

«መሞቱ። ብላ ጌታዬ፣ ምስሩ ይበርድብሃል።»

በላ። እንዲያውም ጎመን አስጨመረ። በመዝገቡ ላይ ግን አንድ ስም አልሰፈረም። በዚያው ማታ «በምግብ መለየት አልተቻለም» ብሎ ወደ ገዥው መልእክተኛ ላከ።

ሰኞ ሌላ ዘዴ አመጣ፤ በዘር። ይህን ጊዜ ያ ተክሌ ሁሴን ተነሣ። ተክሌ ሥራው ሰርግ ሲታሰብ ሰባት ቤት መቁጠር ነው፤ ሙሽሮቹ እስከ ሰባት ትውልድ እንዳይዛመዱ የሁሉንም አያት ቅድመ አያት በቃሉ ይዟል። «ጌታዬ፣ ትክክለኛ ማስረጃ እኔ ዘንድ አለ» አለ፤ ቁጭ ብሎም ማስጻፍ ጀመረ። አንዲት ቃል አልዋሸም። የዚህ አባት ሙስሊም፣ የአባቱ እናት ክርስቲያን፣ የእሷ አያት መጀመሪያ ይህ፣ ካገባ በኋላ ያ። ሰኞና ማክሰኞ ሙሉ አስጽፎ ሃያ ሦስት ቤት ሲጨርስ የመዝገቡ ገጽ አለቀ። ከሃያ ሦስቱ ያልተቀላቀለ አንድም አልተገኘም። የአያ ይማም ምንጅላት፣ ከቅድመ አያታቸው በላይ ያሉት፣ ዲያቆን ሆነው ተገኙ።

«ዲያቆን?» አሉ አያ ይማም።

«ድምፃቸውም መልካም ነበር፣ አያ።»

ተክሌ ወደ መዝጋቢው ዞረ። «ጌታዬ፣ የእናትዎ ስም ማን ነው፣ አገራቸውስ የት ነው?»

«ምን አገባህ?»

«ማስረጃ ነው።»

ነገረው። ተክሌ ዓይኑን ጨፍኖ በጣቱ ቆጠረ። «እንግዲያው የእናትዎ ቅድመ አያት ከድጃ ትባላለች፤ ከዚች ከተማ የተዳረች ናት። ቀይ መስመር ያለበት አንድ ወረቀት ለራስዎም ያስቀሩ።»

መዝጋቢው መነጽሩን ሊወለውል አወለቀና ረስቶ ዓይኑን ወለወለ። ያን ማታ «በዘርም አልተቻለም» የሚል ሁለተኛ መልእክት ላከ።

ልብስ ሰፊው ሙሔ በዚህ ሁሉ አልነበረም። ከአርባ አንዱ አንዱ ነው፤ ትንሽ ሰው፣ ድምፁም ትንሽ። ከድግሱ በፊት በነበረው ዓርብ ጧት ለማንም ሳይናገር መርፌውን ኮሌታው ላይ እንደ ሰካ ተነሥቶ የሁለት ቀን መንገድ ሄደ። እሑድ ገዥው ፊት ቆመ።

«ስሜ ሙሔ ነው። ሙስሊም ነኝ። መዝገቡ ላይ አልጻፍም፤ ወረቀቱንም አልይዝም።»

«አንተ ሰው! ለጥበቃችሁ እኮ ነው።»

«ከማን ጌታዬ?»

ገዥው የገዛ ትእዛዙን አንሥቶ እንደገና አነበበው።

«ሃይማኖቴን ጠይቀውኝ ቢሆን ነግሬዎት ነበር፤ አልደብቅም» አለ ሙሔ። «ጎረቤቴ በኪሱ ይዞ የማይዞረውን ግን እኔ ይዤ አልዞርም።»

አሰሩት። በእስር ቤቱ የሦስት ዘበኞችን ካፖርት ጠቀመ። በየጧቱ «ሐሳብህን ለወጥክ?» ይሉታል፤ «ክር አለቀብኝ» ይላቸዋል። ሐሙስ ፈቱትና የታሸገ ደብዳቤ ሰጡት፤ «ወደዚያው ስለምትሄድ አድርስልን» ብለው።

ደብዳቤው ቅዳሜ በቅሬው ድንኳን ተነበበ። አንድ መስመር ነበር፤ «የጓሳ በር ምዝገባ ቀርቷል።» ለምን እንደቀረ አይልም። አቶ ልሳነወርቅ ማንም ሳያየው እልል ሊል ምንም አልቀረውም፤ በቅሎውን ጭኖ ወጣ፤ ሲሄድም ወይዘሮ ያንጥፉን የጎመኑን አሠራር ጠይቋት ነበር።

ድንኳኑ ዘፈነ። ከዘፈኑ በኋላ ዘንጉ ትዝ አላቸው።

«የያንጥፉ ነው! ማዕዱን አንድ አድርጋ መዝጋቢውን ያሳወረችው እሷ ናት።»

«ምኑን! ለእንግዳ ምስር አብልታ አዋረደችን። ማዶ ያሉት ‹የጓሳ በር በሬ በእርጅና ይሞታል› እያሉን ነው። ደግሞስ መደበቅ ነው እንጂ መልስ ነው? የተክሌ ነው! እውነቱን ተናግሮ ዘጋው።»

«እውነቱ የእህቴን ልጅ ሰርግ አፈረሰ!» አለች ያንጥፉ። «ስድስተኛ ቤት ላይ ተገናኙ አለና። ማን ጠየቀው?»

«መዝጋቢው ጠየቀኝ፣ እቴ።»

«ሙሔስ? ፊት ለፊት የተናገረ እሱ ብቻ ነው!»

«ሳይነግረን ሄዶ ገዥው ቢቆጣስ? ወታደር ቢልክስ? በአንድ ሰው አፍ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ቤት ሊከፍል ነበር።»

«ብነግራችሁ ትልኩኝ ነበር?» አለ ሙሔ በትንሽ ድምፁ።

አያ ይማም እጃቸውን አነሡ። «ቆይ፣ ይህ የሚቆጠር ነገር ነው።» የደብዳቤውን ቀን አዩ፤ ሐሙስ። የምስሩ ወሬ እሑድ ማታ ወጥቶ ማክሰኞ ደርሷል። የሰባት ቤቱ ወሬ ማክሰኞ ማታ በፈጣን በቅሎ ወጥቶ ሐሙስ ጧት ደርሷል። ሙሔ ከእሑድ ጀምሮ እዚያው ነበር። ሦስቱም ከደብዳቤው ቀድመዋል። በጣታቸው ደገሙት፤ ሠለሱት። ቁጥር ለመጀመሪያ ጊዜ ከዳቸው።

ከዚያ ሦስቱን ራሳቸውን ጠየቁ።

«እኔ በማማሰያዬ የምገዛውን በዘንግ አልጨምርበትም» አለች ያንጥፉ። «ለነሱ ግን አይሰጥም።» ተክሌም፣ ሙሔም ከዚህ የተለየ አልተናገሩም።

በዚህ መሐል ከበሩ አጠገብ የተቀመጠ አንድ ሰው «አያ፣ ገዥው እኮ ሊቀየር ነው አሉ» አለ። «አዲሱ ደግሞ ሌላ መዝገብ ያመጣ ይሆናል።»

አያ ይማም ዘንጉን ተመለከቱት። የሚቀጥለው መዝጋቢ ሲመጣ ከተማዋን ወክሎ በር ላይ የሚቆመው ይህን ዘንግ የያዘ ሰው ነው። ሁሉን በአንድ ማዕድ አስቀምጦ ማን ማን እንደሆነ እንዳይታይ የሚያደርግ ይቁም? የሁሉን ሥር አውጥቶ ማንም ከማንም እንደማይለይ የሚያሳይ ይቁም? ወይስ «እኔ ይህ ነኝ፤ አልጻፍም» የሚል ይቁም?

አምስቱን ጎረምሶች አዩ፤ ሰነፉም መጥቷል። ጉድጓዳቸው በሰላም እንደሚቆፈር ለአሁኑ ያውቃሉ። የቀረባቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዘንጉን ዘርግተዋል፣ ሦስት ሰው ከፊታቸው ቆሟል፣ እጃቸው ወደ ማን እንደሚሄድ ግን አልቆረጡም።

እናንተ የሰማችሁ፣ በየማዕዳችሁ ተከራከሩበት፤ ዘንጉ ለማን ይገባል?