ከሰማይ በቅሎ ወርዶ እጅ መንሳት

አውሮፕላን ለአገሩ ገና ብርቅ በነበረበት ዘመን፣ አብራሪነት የሚማር አንድ ምላሰኛ ወታደር ነበር፤ የጭሰኛ ልጅ። አንድ ቀን ብቻውን ሲበር ፊታውራሪ አንዳርጌ ጃንጥላ አስይዘው፣ አጃቢ አስከትለው በበቅሎ ሲሄዱ በላያቸው አለፈ። አጃቢዎቹ እንደ ልማዳቸው «ውረድ! ለጌታ ውረድ!» እያሉ ወደ ሰማይ ጮኹ። እሱ ግን ከሞተሩ ጩኸት የተነሳ አልሰማቸውም።

በማግስቱ ፊታውራሪ ጃንጥላ ያዣቸውንና ጅራፍ የያዘ አሽከር አስከትለው ከማሠልጠኛው ሜዳ ደረሱ።

«በበቅሎ የሚሄድ ሰው ጌታ ሲያይ ወርዶ እጅ ይነሳል» አሉ። «ይሄ ባለጌ ግን እንደተቀመጠ በአናቴ ላይ አለፈ። ይገረፍልኝ፤ ከትምህርቱም ይባረር።»

የማሠልጠኛው አለቃ ፊታውራሪን ስለሚፈራ መሬት መሬቱን አየ። ወታደሩ ግን ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ።

«እውነትዎን ነው ጌታዬ፤ ጥፋቱ የኔ ሳይሆን የበቅሎዬ ነው» አለ። «የእርስዎዋ ጌታዋ ሲወርድ ቆማ ትጠብቃለች። የኔዋ ግን እኔ ከወረድኩ ተከትላኝ ነው የምትወርደው።»

«ስለ በቅሎህ ምን አገባኝ? ከእንግዲህ እኔን ባየህበት ቦታ ሁሉ ትወርዳለህ።»

«እሺ ጌታዬ፣ እወርዳለሁ። ብቻ ያን ዕለት ጠንከር ያለ ጃንጥላ ያስይዙ።»

ከፊታውራሪ ይልቅ ነገሩ ቀድሞ የገባው ጃንጥላ ያዣቸው ነው። ቀና ብሎ ሰማዩን አየና፣ ጃንጥላውን ለባለጅራፉ አስጨብጦ ከጌታው ፈቀቅ አለ።